ከግንቡ ውስጥ የጎደለው አራት ሜትር

ዚግሪዳ አሮጌ ሕንፃ ስትለካ ሠላሳ አራት ዓመት ኖራለች። ጡረታ ልትወጣ ወራት ሲቀሯት የደረሳት ሥራ በዳውጋቫ ወንዝ ዳር ያለው ግንብ ነበር። ፈረሰኛ መነኮሳት ገነቡት፤ ስዊድኖች አስፋፉት፤ የሩስያ ሹማምንት ኖሩበት፤ በእሷ ልጅነት ልጆች ከትምህርት በኋላ መዝሙርና ጨዋታ የሚማሩበት ቤት ሆኖ ነበር፤ አሁን ፕሬዚዳንቱ ይሠሩበታል።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ከባልደረባዋ ከታሊቫልዲስ ጋር የሰሜኑን ክንፍ ለኩ። ከውጭ አሥራ ዘጠኝ ሜትር የሆነው፣ የግድግዳው ውፍረት ታስቦም፣ ከውስጥ አሥራ አምስት ሆነ።

«አንቺ ሴትዮ፣ መነጽርሽን ቀይሪ» አላት።

«እንካ፣ አንተ ለካው።»

ለካ። ያው አሥራ አምስት።

በማግስቱ ግንበኞች ከመተላለፊያው በኩል ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ በሱላቸው። ታሊቫልዲስ በገመድ ጫፍ የታሰረች ትንሽ ካሜራ ሰደደ። በስክሪኑ ላይ ጣራው የጎበጠ ጠባብ ክፍል ታየ፤ የድንጋይ መቀመጫ አለው፤ በሩ በጡብ ተደፍኗል።

«የስዊድኖች ጡብ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት ወዲህ ሰው አልረገጠውም» አለ።

ዚግሪዳ ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል «እኔ ገብቼበታለሁ» አለች።

«በቁልፉ ቀዳዳ ሾልከሽ?»

እሷ ግን የልጅነቷን ነገር ነገረችው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከመዝሙር ልምምድ ወጥታ ኮቷን ስትፈልግ መንገዱ ጠፋባትና አንዲት አጭር በር ከፈተች። ግራጫ የሱፍ ሻል የደረበች አሮጊት ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። «ቀዝቅዘሻል፣ ነይ እስቲ» ብላ የዚግሪዳን እጆች በራሷ እጆች ውስጥ ያዘችላት። ሲሞቃት «በይ ሂጂ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች። እኔ የትም አልሄድ» አለቻት። ቤት ገብታ ስትናገር እናቷ «የጽዳት ሠራተኛ ትሆናለች» አለቻት፤ እሷም ሃምሳ ዓመት ያህል እንደዚያው ስታምን ኖረች።

ታሊቫልዲስ ካሜራዋን ወደ ወለሉ አዘነበለ። በወፍራሙ አቧራ ላይ የልጅ ጫማ ዱካ ነበር። ከተደፈነው በር ተነስቶ መቀመጫው ድረስ ሄዷል፤ ተመልሷል። ሌላ ዱካ የለም።

ገመዱን ቀስ ብሎ ስቦ አወጣ። «ሻይ እንጠጣ» አለ።

ኃላፊዎቹ ነገሩን ሰምተው ክፍሉ እንዳይነካ፣ ቀዳዳውም እንዲደፈን አዘዙ። ግንበኞቹ ለምሳ ሲወጡ ዚግሪዳ ብቻዋን ተመለሰችና አፏን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች።

«እኔ ነኝ። ደህና ነዎት?»

ከቀዳዳው እርጥብ ሱፍ ምድጃ አጠገብ ሲሰጣ የሚሸተው ሽታ መጣ። መዳፏን ብትዘረጋ ከውስጥ የሚወጣው አየር ሞቃት ነው፤ እንደ ሰው ትንፋሽ መጣ፣ ቆመ፣ እንደገና መጣ። ግንበኞቹ እስኪመለሱ እጇን አላነሳችም።

ፕላኑን ስትጨርስ ለክፍሉ ቁጥር ሰጠችው፤ «አገልግሎት» በሚለው ስር ደግሞ «መኖሪያ» ብላ ጻፈች። ከሳምንት በኋላ ከመዝገብ ቤት አንዲት ወጣት ደወለችላት።

«እትዬ ዚግሪዳ፣ እዚህ ጋ ስህተት አለ መሰለኝ። የሚኖርበት ሰው የለም እኮ። ላስተካክለው?»

«ተይው፣ ልጄ» አለቻት።

በሚያዝያ ጡረታ ወጣች። ታሊቫልዲስ ሌላ ሥራ እየጠየቀ ወደዚያ ክንፍ ዳግመኛ አልሄደም።