ጠብቆ ያድናል

የደም ግፊት እንዳለብኝ የተነገረኝና የተገልጋዮች መድረክ አባል የሆንኩት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። የትኛው የትኛውን እንዳባባሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከደብረ ማርቆስ በአውቶብስ ሁለት ሰዓት ያህል በምትርቅ ትንሽ ከተማ አማርኛ አስተምር ነበር፤ ባጃጅ ገና ወደ ከተማችን የገባበት ጊዜ ነው። ክኒኔን ልቀበል ጤና ጣቢያው መስኮት ላይ ቆሜ ሳለሁ ኃላፊው ከቢሮው ብቅ አለና «መምህርት፣ የእጅ ጽሑፍዎ ቆንጆ ነው አሉ» አለኝ። እኔ ደግሞ ሲያመሰግኑኝ እምቢ ማለት አልችልም። ክኒኑን ይዤ ስወጣ የመድረኩ ጸሐፊ ሆኜ ነበር።

መድረክ የተባለው ስምንት በሽተኞች በወር አንድ ቀን ተሰብስበን ቅሬታችንን የምንናገርበት ነው። ኃላፊው ወጣትና ትጉህ ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የተሰካ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንጣላውና ይወጣልን ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ በሽተኛ የሚባል ቃል ቀርቷል፤ ሁላችሁም ተገልጋይ ናችሁ» ሲል አወጀ። ከአጠገቤ የተቀመጡት ጠላ ሻጭ እናት ወገባቸውን ይዘው «እንግዲህ ይኼ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆርጠኝ የሚያድረው ተገልጋይ ሆኜ ነው?» ብለው ጠየቁት። ኃላፊው «ግብረ መልስዎን ተቀብለናል» አለ። እኔም ጻፍኩት።

ከስምንታችን መካከል እውነተኛ ጉዳይ የነበራቸው የኔታ ናቸው። የኔታ ከከተማው ዳር ባለው ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። የስኳር በሽታ አለባቸው፤ ጠዋትና ማታ መርፌያቸውን ራሳቸው ይወጋሉ። ኢንሱሊኑን ድሮ ከዚሁ ጤና ጣቢያ ነበር የሚወስዱት። የመድኃኒት ቤቱ ፍሪጅ ሲበላሽ ኢንሱሊን መላኩ ቀረ። ሌላ ፍሪጅ አለ፤ ግን የክትባት ስለሆነ ሌላ ነገር አይገባበትም፣ ቁልፉም ለብቻ ነው። ስለዚህ የኔታ በስተርጅና በየወሩ ማርቆስ ድረስ ይመላለሳሉ። አውቶብስ ሲቀር ወይም መንገድ ሲበላሽ ያለቻቸውን እየቀነሱ ይወጋሉ። ሐኪሙ እግራቸውን እንዲጠብቁ አስጠንቅቋቸዋል፤ እንዲህ እየቀናነሱ ከቆዩ ትንሽ ቁስል እንኳ አትድንም ብሏቸዋል። ይህን ሁሉ ተነሥተው በግልጽ አማርኛ ነገሩን። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ «የማቀዝቀዣ ጉዳይ በይደር ታለፈ» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ወርም፣ በሦስተኛውም እንደዚያው። ኃላፊው ስለ ፍሪጁ ሲቆጭ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ለስብሰባው የመጣው ለስላሳ የሞቀ ዕለት።

በአራተኛው ወር ኃላፊው እጁን እያፋተገ መጣ። ከላይ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው። ጥሩ ነጥብ ካገኘን ሞዴል እንባላለን። ለበሩ አንድ ግጥም ያስፈልጋል። «የኔታን የመሰለ ሊቅ ይዘን በባዶ በር እንቀበላቸው?» አለ። የኔታ ወረቀት ጠየቁኝና እዚያው ጉልበታቸው ላይ ጻፉት፤

ሌላው ቤት ቢተኛ ይህ ቤት መች ይተኛል፣
ሕዝቡን ሌትና ቀን ጠብቆ ያድናል።

ኃላፊው ዓይኑ ሊያነባ ምንም አልቀረው። ሁለት ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። አጨበጨብን። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። በሳምንቱ ሠዓሊ መጥቶ በሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም፣ ቁመቱ ክንድ በሚያህል ፊደል ጻፈው።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ሁለት ካህናትና አንድ ዲያቆን ከበሩ ፊት ቆመው ይስቃሉ። ሳቃቸው ደግሞ ደህና ሳቅ አይደለም፤ አንዱ አጥሩን ተደግፎ ነው የቆመው። ምን እንደሚያስቃቸው ብጠይቅ አንደኛው ካህን ትክ ብለው አዩኝ።

«አማርኛ መምህርት አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ፣ አባ።»

«ታዲያ የኔታ እንዴት እንደሚነበብ ጽፈውልሻል እኮ። ጠብቆ ብለዋል፤ አጥብቀሽ አንብቢዋ!»

አጥብቄ አነበብኩት። ያድናል ላልቶ ሲነበብ ከሕመም ይፈውሳል ነው። ጠብቆ ሲነበብ ግን ጦር ይዞ ዱር የሚገባ አዳኝ ነው። ይህን እኔ ራሴ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጽፌ የማስተምረው ነው፤ ያልገባውን ተማሪም አስነሥቼ አቆማለሁ። እና ጤና ጣቢያችን ሕዝቡን ሌትና ቀን እንደሚያድን፣ አድፍጦ እንደ ድኩላ እንደሚያድነው፣ በሙሉ ድምፅ አጽድቄ ከሥሩ አስምሬበታለሁ። በዚያ ቀን ግፊቴ ስንት እንደደረሰ አልተለካሁም።

በቀጥታ ወደ የኔታ ሄድኩ። ከጎጇቸው ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«የኔታ፣ ምነው እንዲህ አዋረዱን?»

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ሦስት ጊዜ ተነሥቼ በግልጽ ብነግራችሁ በይደር አለፋችሁት። ሸፍኜ ብጽፈው በቀለም አሳመራችሁት። እኔ ምን ላድርግ?»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በየመንገዱ ሰው ሲገናኝ «ጠብቆ ነው ላልቶ?» መባባል ጀመረ። ጠላ ሻጯ እናት ሳይቀሩ ለደንበኞቻቸው ይተረጉሙ ጀመር። አሁን አንድ ሰው አፍሮ ፍሪጁን ያሠራዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ከኃላፊው በቀር ከተማው በሙሉ ያውቃል። እሱ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሲያነብ ባየ ቁጥር ደረቱን ይነፋል።

ገምጋሚዎቹ መጡ። ከሦስቱ አንደኛው ጎልማሳ በልጅነቱ ቅኔ ቤት የዋለ ኖሯል። ከመኪናው ወርዶ በሩን ቀና ብሎ አየና መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ እንደገና አየ። ከዚያ አጥብቆ፣ ጮክ ብሎ አነበበውና በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው አብሮት ሳቀ፤ ቆይቶ ነው በምን እንደሚሳቅ የገባው። የተተኮሰ ሸሚዙ በላብ ሲርስ አየሁት፤ አዘንኩለት፤ ብዙ ግን አይደለም። ጎልማሳው ይህን የጻፈ ሰው ምን ጎድሎት ነው ብሎ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅሁ። የፍሪጁን ታሪክ ጉሮሮዬ ላይ አዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን «ድንቅ ቅኔ ነው» አለና በደብተሩ ገለበጠው፤ ለጓደኞቹ ሊያነበው ነው። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሮ «በሉ አሁን አጥፉት» አለ። በሦስተኛው ቀን በሩ ነጭ ተቀባ። ፍሪጁ እንደቆመ ቆመ፤ ውስጡ የቆሻሻ ጨርቅ ማስቀመጫ ሆኖ ነበር።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ሐምሌ ላይ ድልድይ ተሰብሮ መንገዱ ሲዘጋ የኔታ ኢንሱሊናቸውን በግማሽ፣ ኋላም በሩብ አደረጉት። ጫማቸው የላጣት ትንሽ ቁስል አልድን አለች። መንገዱ ሲከፈት ማርቆስ ሄዱ፤ ሁለት የእግር ጣታቸው ተቆርጦ ተመለሱ።

በመስከረሙ ስብሰባ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። የመጀመሪያው አጀንዳ የበሩ ጽሑፍ ነበር። ኃላፊው ካሁን በኋላ ግጥም እንደማይፈቀድ፣ ማንኛውም ጽሑፍ ለሁለት ትርጉም የማይመች መሆን እንዳለበት አስረዳ። የኔታ እጃቸውን አወጡ።

«ፍሪጁን አሠሩልን» አሉ።

ኃላፊው እስክሪብቶውን ጥርሱ ላይ አደረገና ወደ እኔ ዞረ። «መምህርት፣ አሠሩልን ሲጠብቅ ምን ይሆናል?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ለዚያ ሳቄ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም። የኔታ ብቻ አልሳቁም። «ልጆቼ፣ አይጠብቅም፣ አይላላም» አሉ። «እግሬን ነው የምላችሁ።»

ኃላፊው ግን አንዴ ተበልቷል፤ ዳግመኛ አይሸወድም። «አሻሚ ስለሆነ በይደር» አለ። እኔም ጻፍኩ።

በኅዳሩ ስብሰባ የየኔታ ወንበር ባዶ ነበር። ቁስሉ ወደ ላይ ወጥቶ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጧል፤ ማርቆስ ተኝተዋል። ሁላችንም እናውቃለን፣ ኃላፊውም ያውቃል። እሱ ግን ስም እየጠራ እሳቸው ጋ ሲደርስ «ያለ ፈቃድ የቀሩ ብለው ይጻፉ» አለኝ። እኔ ግን በስማቸው ትይዩ፣ በዚያ ቆንጆ በተባለው የእጅ ጽሑፌ፣ «ይህ ጤና ጣቢያ ፍሪጁን ሳያሠራ በመቅረቱ እግራቸው የተቆረጠ» ብዬ ጻፍኩና እንዲፈርም መዝገቡን ገፋሁለት።

ኃላፊው አረፍተ ነገሩን አነበበው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ ደገመው። ሌላ ትርጉም ፈልጎ ሲያጣ እፎይ አለና ፈረመበት።