በመተማ መጋዘን ውስጥ የሄደው ባቡር

አባ ደምለው ከአሥራ ስድስት ዓመታቸው ጀምሮ በመተማና በጎንደር መካከል የሚመላለሱ የሲራራ ነጋዴዎችን የሚመሩ ሰው ነበሩ። መንገዱ በአህያ ስምንት ቀን ይፈጃል። ሽቅብ አቡጀዲና ጨው፣ ቁልቁል ሰምና ቡና የጫኑ አህዮችን ከፊት እየነዱ በዚያ በረሃ አርጅተዋል። የትኛው ጉድጓድ በግንቦት ውሃ እንደሚይዝ፣ ንዳድ የሚበረታው የት እንደሆነ፣ የገንዳ ውሃ ወንዝ በነሐሴ ሲሞላ እስከየት ድረስ እንደሚወጣ ጠንቅቀው ያውቃሉ። መንገድ የጠየቃቸውን ሰው፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ወዳጅ ይሁን ባዳ፣ ሳያሳዩ መልሰው አያውቁም። መንገድ መደበቅ የጠማውን ሰው ውሃ እንደ መንፈግ ነው ይሉ ነበር።

መኖሪያቸው ከወንዙ ማዶ፣ ሰርዶ ሜዳ በምትባል ሃያ ጎጆ እንኳ በማትሞላ መንደር ነበር። በ1929 ዓ.ም. ልጃቸው ፈረደ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ሲዋጋ ወንዙ ዳር ወደቀ። በማግስቱ የጣልያን ጦር መጥቶ መንደሩን አቃጠለው፤ ቤተ ክርስቲያኑም አልተረፈም። አባ ደምለው ልጃቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ አመድ አጠገብ በእጃቸው ቆፍረው ቀበሩና ምራታቸውን የሻረግንና ሁለቱን የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መተማ ገቡ። አገኘሽ ያኔ ሰባት፣ ወንድሟ አዛናው ሦስት ዓመታቸው ነበር። የሻረግ ጥጥ እየፈተለች፣ ሽማግሌው የነጋዴ አህያ እየጠበቁ ኖሩ።

ሁለት ዓመት እንዳለፈ፣ ኅዳር ላይ፣ በገበያው አዋጅ ተነገረ። ጣልያኖች በትልቁ መጋዘን ውስጥ ባቡር ሊያሳዩ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ሰው ልጆቹን ይዞ ገብቶ ማየት ይችላል ተባለ። በመጀመሪያው ቀን የገቡት ልጆች ሲወጡ ያዩትን እያወሩ ከተማውን አዳረሱት። አዛናው በር ላይ ተቀምጦ ሲሰማ ዋለ። ማታ እህል አልበላም አለ።

አባ ደምለው በማግስቱ ልጆቹን ልወስዳቸው ነው ሲሉ የሻረግ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«አባታቸውን ማን እንደ ገደለው እያወቁ?» አለች።

«አውቃለሁ፤ የቀበርሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ልጆቹ ግን ምን በደሉ? ሌላው ልጅ ያየውን ይዩ።»

የሻረግ እንዝርቷን መልሳ አነሣች። እሳቸውም ልጆቹን ብለው ብቻ እንዳልሆነ በልባቸው ያውቁታል። ባቡር ገዳሪፍ ድረስ እንደሚመጣ ከሱዳን ነጋዴዎች ሲሰሙ ኖረዋል፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በእግራቸው የሄዱ ሰው ናቸውና አንድ ቀን ለማየት ይመኙ ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። በላዩ ከጀሶ የተሠሩ ተራሮች ቆመዋል፤ ወንዞቹ ከመስተዋት ቁራጭ፣ ዛፎቹ አረንጓዴ ቀለም ከተነከረ የእንጨት ፍቅፋቂ ናቸው። በተራሮቹ መካከል እንደ ጣት የቀጠነ ሐዲድ ይጠማዘዛል። ውጭ ሞተር ሲያጓራ፣ ክንድ የሚያህል ጥቁር ባቡር ዘጠኝ ፉርጎ እየጎተተ ከአንዱ ተራራ ሆድ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። አዛናው መጀመሪያ የአያቱን ኩታ ጨብጦ ተደበቀ። ባቡሩ ሁለተኛ ዞሮ ሲመጣ ግን ለቀቃቸውና ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ አብሮት መሮጥ ጀመረ። አንድ ወታደር ካራሜላ ሰጠው። ልጁ ካራሜላውን ጉንጩ ውስጥ አድርጎ እየሳቀ ሲሮጥ አባ ደምለው ቆመው አዩት። ሰርዶ ሜዳን ከለቀቁ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይተውት አያውቁም።

የሚያስረዳው አስተርጓሚ ሐሚድ ነበር፤ የአንድ የመተማ አቡጀዲ ነጋዴ ልጅ ነውና አባ ደምለውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። ከጎኑ ይህን ሁሉ የሠራው መሐንዲስ፣ ጢሙ የሸበተ ጣልያን፣ ቆሟል። ሐሚድ የመሐንዲሱን ቃል እየተቀበለ፣ ይህ ከጎንደር መተማ የሚዘረጋው ሐዲድ ነው፣ የስምንት ቀኑ መንገድ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ይህ ሁሉ ሰው ያልሰፈረበት ባዶ መሬት ነው እያለ ይተረጉማል።

አገኘሽ አያቷን ቀና ብላ አየችና ሰርዶ ሜዳ የቱ ጋ እንደሆነች ጠየቀች።

አባ ደምለው ጎንበስ አሉ። ከጎንደር ጀምረው በዓይናቸው ጭልጋን አለፉ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ፣ ወንዙን አገኙ። መሐንዲሱ አገሩን አሳምሮ ለክቶታል። ቤተ ክርስቲያኑ የነበረበት ጉብታ ሳይቀር አለ። ጉብታው ላይ ግን ጣሪያው ቀይ የሆነ የባቡር ጣቢያ ቆሟል።

«ባዶ አይደለም፤ ልጄ እዚያ ነው የተቀበረው» አሉ። ጮክ ብለው አልተናገሩም፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሰው ግን ሁሉ ሰማ።

ሐሚድ ፊቱ ተለወጠ። መሐንዲሱ ሽማግሌው ምን እንዳሉ ጠየቀው። ሐሚድ ሊያድናቸው ብሎ፣ እኒህ ሰው የዚህ መንገድ መሪ ነበሩ፣ አገሩን ያውቁታል ነው የሚሉት አለው። መሐንዲሱ ደስ ብሎት ቀረባቸውና እርሳሱን ሰጣቸው። በነሐሴ የገንዳ ውሃ ሙላት የሚደርስበትን ያሳዩኝ አለ።

አባ ደምለው ድልድዩን አዩት። ጎርፉ ከሚተኛበት በጣም ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው። እንዲህ ከተሠራ የመጀመሪያው ክረምት ይወስደዋል። ድንጋይ ተሸክመው የሚገነቡት፣ ጎርፉም የሚደርስባቸው የአገራቸው ልጆች እንደሚሆኑም አሰቡ። ቢናገሩ ግን ድልድዩ ይጸናል፣ ባቡሩም ወታደር ጭኖ ይመላለሳል። እርሳሱ እጃቸው ውስጥ ብዙ ቆየ።

«አላውቅም» አሉና እርሳሱን መለሱለት።

ወደ ቤት ሲመለሱ አገኘሽ ከአያቷ ጎን ጎን ሄደች። ኋላ፣ «አባባ፣ ውሃው የሚደርስበትን ያውቁ የለም እንዴ? ለእኛ ነግረውን ነበርኮ» አለቻቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ዋሽቼ ነው። አንቺ ግን እንዳትለምጂው።»

የሻረግ ሲገቡ ቀና ብላ አላየቻቸውም። አገኘሽ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ አያቷ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተናገሩትን ነገረቻት። የሻረግ እንዝርቷን አስቀመጠች፤ ተነሥታ ውሃ አሞቀችና የአማቷን እግር አጠበች።

በአራተኛው ቀን ሐሚድ መጣ። ለልኬት የሚወጡትን ሰዎች እንዲመሩ ጣልያኖቹ ሊጠሯቸው እንደሆነ፣ እምቢ ካሉም እንደሚታሰሩ ነገራቸው። ቃሉን በማጣመሜ ጣጣውን እኔ ነኝ ያመጣሁብዎት ብሎ አለቀሰ። አባ ደምለው ትከሻውን ይዘው፣ ነፍሴን ልታተርፍ ብለህ ነው፣ አልቀየምህም አሉት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አዛናውን አህያ ላይ አስቀምጠው፣ የሻረግና አገኘሽ ከኋላ እየተከተሉ፣ በቋራ በኩል ወደ ጫካው ገቡ። ውሃ ካለበት ውሃ ወዳለበት እየመሩ በስድስት ቀን አርበኞች የሰፈሩበት ደረሱ።

እዚያ ሁለት ክረምት ከረሙ። በሁለተኛው፣ በ1932 ዓ.ም. ነሐሴ፣ አባ ደምለው ንዳድ ያዛቸው። ሲቃዡ ድልድዩ ላይ ሰው አለ፣ ጥሩልኝ ይሉ ነበር። የሻረግ ድልድይ የለም አባባ፣ አልተሠራም ብትላቸውም አልሰሟትም። በዘጠነኛው ቀን ሞቱ። ከአንድ የሾላ ዛፍ ሥር ቀበሯቸው።

በ1933 ዓ.ም. መተማ ላይ ብዙ ከተዋጉ በኋላ ጣልያኖች ለቀው ወጡ። የሻረግ ልጆቿን ይዛ ተመለሰች። መጋዘኑ ጣሪያው ወድቆ፣ ግድግዳው በመድፍ ተበስቶ አገኙት፤ ውስጡ የተሰበረ ጀሶና አመድ ብቻ ነበር። ሐዲዱም ሳይዘረጋ ቀርቷል። አገኘሽ ወንድሟን ባቡሩን ታስታውሳለህ ወይ ብትለው፣ አዛናው የሚያስታውሰው የካራሜላውን ጣፋጭነት ብቻ መሆኑን ነገራት።

ከተማ አልቆዩም። ሰርዶ ሜዳ ሄደው የፈረደን መቃብር የወረሰውን እሾህ መነጠሩ። ሰኔ ሲገባ የሻረግና ልጆቿ ከጉብታው በታች ማሽላ ዘሩ።