እሁድ የማያውቁት ሴሎች

ሮማነወርቅን ፈረንጅ አገር፣ ስፖንጋ በሚባለው ሰፈር ያለ ሀበሻ ሁሉ የሚያውቃት፣ እሁድ እሁድ ስብከቱ ሳያልቅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ ነው። "ዛሬም ልጆችሽን ልታበዪ ነው?" ይሏታል በር ላይ። ልጆቿ የሚሏቸው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ በትንንሽ ሳህን የሚያድጉትን የአይጥ አንጎል ሴሎች ነው። ምግባቸው በየሦስት ቀኑ ካልተቀየረ ይሞታሉ። ሴል ደግሞ እሁድ አያውቅም።

ዶክትሬቷን ጨርሳ ለሁለት ዓመት ኮንትራት የተቀጠረችው፣ ሰውን የሚያስረሳው በሽታ ሴሉን ከውስጥ እንዴት እንደሚበላው ልታጠና ነው። እናቷም እማማ ተዋበች አዲስ አበባ ላይ ይኸው በሽታ ይዟቸዋል። የጎረቤት ስም ጠፍቶባቸዋል፤ የሷን ድምፅ ግን በስልክ ሲሰሙ ገና ይለዩታል። እና በፈረንጅ 1996 መጨረሻ ላይ፣ "ይቺን የሃያ አንድ ቀን ሙከራ ልጨርስና፣ ሳይረሱኝ ልድረስባቸው" ብላ ቲኬት ቆረጠች።

ሙከራው በተጀመረ በስድስተኛው ቀን እናትየው አረፉ።

ስልኩ የተደወለው ለሷ ሳይሆን ለቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ለጋሽ ተገኝ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርማ። ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው መከሩ። "አሁን ብንነግራት የሁለት ዓመት ልፋቷን ጥላው ትሄዳለች። ትጨርስና እንነግራታለን" ተባባሉ። ክፋት የለበትም እኮ፤ ስለሚወዷት ነው።

መከራውን ያየችው፣ ምስጢሩን እንድትይዝ የተነገራት፣ አብራት የምትኖረው ተጂቱ ናት።

"ተጂቱ፣ እማዬ ቤት ስልክ አይነሳም።"

"መንገድ ሲቆፍሩ መስመሩን በጥሰውት ነው አሉ።"

"ሁለት ሳምንት ሙሉ?"

"የኛን አገር ቁፋሮ ረሳሽው እንዴ?"

ሮማነወርቅ ሳቀች። ተጂቱ ፊቷን ወደ ሳህን ማጠቢያው አዞረች።

ሃያ አንደኛው ቀን አርብ ዋለ። "አንድ ሳህን እንኳን አልሞተብኝም" እያለች ገባች፤ ሻንጣዋንም አወረደች። በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ስድስት ሰዎች ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ጋሽ ተገኝ ከፊት። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብርድ፣ ማንም ሻይ ልጠጣ ብሎ አይመጣም።

"መቼ?" አለች።

"የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ..."

"ጋሽ ተገኝ፣ መቼ ነው?"

"አሥራ ስድስት ቀን ሆናቸው።"

በጣቷ ወደ ኋላ ቆጠረች። "ስድስተኛው ቀን" አለች። "ለሴሎቹ ምግብ ስቀይርላቸው ነበር።"

ሴቶቹ አለቀሱ። እሷ አላለቀሰችም።

በማግስቱ እሁድ ስብከቱ እስኪያልቅ ተቀመጠች። ስለ ልጆቿ የጠየቃት ሰው የለም።