ስርዙን የጠለፈችው ሶሬቲ

ሶሬቲ የኳየር ጋውን ላይ የጠለፈችው ጽሑፍ በሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ላሉ ልብስ ሰፊዎች ለአንድ ሰሞን መሳቂያ ሆኖ ነበር። ያዘዙት መዘምራን ደረቱ ላይ «የምስራች» የሚል እንዲጠለፍ በወረቀት ጽፈው ሰጡ። የጻፈው ሰው መሃል ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ፣ በሁለት መስመር ሰርዞ ቀጥሏል። ሶሬቲ ፊደል አትለይም፤ ያየችውን መልክ ግን እጇ አይስትም። የተሰረዘውን ፊደልም፣ የሰረዙትን መስመሮችም በወርቃማ ክር አሳምራ በየጋውኑ ላይ ጠለፈቻቸው።

የምትሠራበት የልብስ ስፌት ሱቅ ባለቤት ላቀው አንዱን ጋውን አንስቶ ብዙ አየው።

«ስርዙንም ጠለፍሽው?»

«አበባ መስሎኝ ነው፣ ጋሽ ላቀው።»

አልጮኸባትም። ከእንግዲህ ጥልፉ አብሯት የሚሠራው የኑሪ እንደሆነ፣ እሷ ቁልፍ እንደምትተክል፣ ማንበብ ከቻለች ግን ማሽኑን እንደሚመልስላት ነገራት። ሶሬቲ የላፍቶ ገበሬ ልጅ ናት። የአባቷ መሬት ቤት ከተሠራበት ወዲህ በእጇ ያለው ሙያ ይህ ጥልፍ ብቻ ነው። ቁልፍ መትከል ማንም ይችላል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰናበተው ማንም የሚችለውን የሚሠራ ነው።

በዚያው ሳምንት በሰፈሯ ትምህርት ቤት፣ ልጆች ከወጡ በኋላ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። አስተማሪዋ ምሥጋና ሁሉንም ለምን እንደመጡ ጠየቀቻቸው። ፉሪ ሰፈር ዘበኛ የሆኑት ኦቦ ኢሉ፣ ታክሲው የት እንደሚሄድ ረዳቱን መጠየቅ እንደሰለቻቸው ተናገሩ። «በዕድሜ ልጄ ነው፤ ሲመልስልኝ ግን አባቴ ይመስላል» ሲሉ ክፍሉ ሳቀ። ሶሬቲ የምትጠልፈው ምን እንደሚል ማወቅ እንደምትፈልግ ብቻ ተናገረች።

ደብተሯ ከክፍሉ ሁሉ አማረ። ከሰሌዳው የገለበጠችው ከአስተማሪዋ ጽሑፍ ይበልጥ ነበር። ምሥጋና አንዱ ፊደል ላይ ጣቷን አድርጋ ምን እንደሚባል ስትጠይቃት ግን አላወቀችውም። በማግስቱ ምሥጋና የሶሬቲን ወንበር ወደ ኋላ አዞረችው።

«እትዬ ሶሬቲ፣ ከእንግዲህ ሰሌዳ አያዩም። እኔ እላለሁ፤ እርስዎ ሰምተው ይጽፋሉ።»

ከጆሮዋ ስትጽፍ ያ ሁሉ ውበት ጠፋ። ፊደሎቹ ተንጋደዱ፤ አንዳንዱ እግሩን አጣ። አፈረች፤ መቅረትም አሰበች። ቁልፍ ስትተክል ግን ከንፈሯ በራሱ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ የክር ካርቶኑን፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ማስታወቂያ እያነበበች ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ጸሐይወርቅ የምትባል ምግብ አብሳይ ሽርጧ ላይ ስሟን ልታስጠልፍ መጣች። ወረቀት አልያዘችም። ላቀው ኑሪን ሊጠራ ብሎ ተወው። ስሟን ለሶሬቲ እንድትነግራት ለሴትየዋ አመለከታት።

ሶሬቲ ጠመኔ አነሳች። ስሙን በልቧ ቆራረጠችውና ገና ከመጀመሪያው ላይ ቆመች።

«በየትኛው ‹ጸ› ነው የሚጽፉት?»

«እሱን ለእኔም የነገረኝ የለም» አለች ሴትየዋ እየሳቀች። «የወደድሽውን አድርጊው።»

ሶሬቲ መረጠች። ጨርቁ ላይ በጠመኔ ጽፋ ድምፅ እያወጣች አነበበችው፤ ከዚያ ማሽኑን አስነሳች። «ወ» ትንሽ ዘመም ብሏል። ላቀው ጎንበስ ብሎ አየና ኑሪን የቁልፉን ሳጥን ከእሷ እንዲቀበል አዘዘው።

«እንግዲህ የእኔን ስም በየትኛው ‹ኑ› እንደምጽፈው ትነግሪኛለሽ፣ ቲቸር» አላት ኑሪ ሳጥኑን እያነሳ።

«የአንተ አንድ ብቻ ነው» አለችው፤ ዓይኗን ከመርፌው አላነሳችም።