በማን ቁና ይሰፈር?

እናቴን ለዓይን ሕክምና ከቡሬ ሕንድ ይዣት ሄድኩ። ካርዳችን የተሞላው በዶላር ነው። የሆቴሉን ሂሳብ ስከፍል የካርድ ማሽኑ በዶላር ወይስ በሕንዱ ሩፒ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ያው ዶላር ነው ብዬ ነካሁት። ደረሰኙን ሳየው ሆቴሉ የሩፒውን ዋጋ በገዛ ምንዛሬው ወደ ዶላር አስልቶ በልቶናል። ከሕክምናው በኋላ የታሰረው የዓይኗ ፋሻ እስኪፈታ ሦስት ሌሊት ይቀረናል፤ በዚህ አያያዝ ገንዘቡ አይደርስም። እየፈራሁ ነገርኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ጤፍ ስሸጥ ነጋዴው በራሱ ቁና ሲሰፍር ዝም ስለው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሩፒን ብቻ ነካሁ። ምንዛሬውን የእኛው ባንክ ሠራው፤ ቀነሰልን፤ ገንዘቡም ደረሰ።

ፋሻዋ ሲፈታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ደረሰኙን ነው። ማንበብ አትችልም፤ ግን አገላብጣ አገላብጣ አየችው።