ኪኒን የሚያስጥለው ሻይ

ዙሌካ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ውስጥ ያላት ሻይ ቤት ጠባብ ናት። ደንበኞቿም የሚመጡት ለወንበሩ ብለው አይደለም፤ ራሷ ለምትቀምመው ቀይ ሻይ ነው። ምን ምን እንዳለበት የጠየቃትን አትደብቅም። ሻዩን የሚያቀላው የከርከዴ አበባ በመተማ በኩል የመጣ ነው። ፖሙን ከጨንቻ አስመጥታ በስሱ እየከተፈች ታደርቀዋለች። ዝንጅብሉ የሀደሮ፣ ጠጅ ሳሩ ወራቤ ካለው ከወንድሟ ጓሮ የተቆረጠ ነው። የብርቱካኑን ልጣጭ ደግሞ ከጭማቂ ቤት ለምና ታመጣና ደጋግማ አጥባ ጸሐይ ላይ ታሰጣዋለች። "ለምን ይጠቅማል?" ለሚላትም መልሷ አጭር ነው፤ ዝንጅብሉ ጉሮሮ ያሞቃል፣ ጠጅ ሳሩ የከበደ ሆድ ያቀላል፣ ፖሙ ስኳር ሳይበዛ ያጣፍጣል። ከርከዴው ላይ ስትደርስ "ለግፊት ጥሩ ነው ይላሉ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም" ብላ ታቆማለች።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ሻይ ቤቷ ቀኑን ሙሉ ጭር አለች። ጎኗ ማተሚያ ቤት ያለው ኢያቄም፣ "ዙሌ፣ ደረቁን አሽገሽ ለሱቆች ስጪ። ሰው ማታ ቤቱ ያፍላው። ወረቀቱን እኔ አትምልሻለሁ" አላት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። እሷ እየነገረችው እሱ ጻፈ፤ የመጀመሪያውን ወረቀት አንብባ ወደደችው። ሁለተኛውን ዙር ግን ኢያቄም ራሱ አትሞ፣ ራሱ ለጥፎ፣ ለቡ ድረስ ላሉ ሱቆች አደረሰላት። ያው ነው ብላ አላየችውም።

አንድ ጠዋት እትዬ አፀደ ነጠላቸውን እየጎተቱ ከአራተኛ ፎቅ ወረዱ።

"ዙሌካ፣ ባሌን ልትገድይብኝ ነው?"

"ጋሽ አባይነህ ምን ሆኑ?"

"ትናንት ደረጃው ላይ ዞሮበት ወደቀ። ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ግፊቱ ጣሪያ ነክቷል። ለካ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ኪኒኑን ጥሎታል! 'ኪኒን ጾም ያስፈርሳል፣ ይሄ ግን የጾም ነው' እያለ ያንቺን ሻይ በፔርሙዝ ሙሉ ይገለብጣል።"

እሽጉን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። ዙሌካ አነበበች። "ከሩቅ ምሥራቅ ተራሮች የተለቀሙ ፍራፍሬዎች። ግፊትን ያጠፋል። ስኳርን ያስወግዳል። ከኪኒን ያሳርፋል።"

እሽጉን ይዛ ጎኗ ወዳለው ማተሚያ ቤት ገባች። ኢያቄምን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ አገኘችው።

"የትኛው ተራራ ላይ ነው የለቀምኩት?"

"አይ ዙሌ፣ ማርኬቲንግ ነው። የጭማቂ ቤት ልጣጭ ነው ብለሽ ማን ይገዛሻል? ደሞ ለግፊት ጥሩ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"ይላሉ ነው ያልኩት! ኪኒን ጣሉ ብያለሁ? ሰውየው ቢሞት ሬሳ ሳጥኑ ላይ ምን ልትለጥፍ ነበር?"

"ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! አሁን የምልህን ጻፍ። በትልቁ። 'ይህ ሻይ በሽታ አያድንም። ኪኒን ያቋረጣችሁ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ።' ከሥሩ ስሜን አድርግበት።"

"ንግድሽን ልትዘጊ ነው እንዴ?"

"አትም አልኩህ!"

ወረቀቶቹን ይዛ አራተኛ ፎቅ ወጣች። ጋሽ አባይነህ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ የነዱ ጡረተኛ ናቸው፤ አንዴ ከያዙት መንገድ በቀላሉ አይመለሱም።

"ጋሼ፣ የተጻፈው ውሸት ነው። ኪኒንዎን ይዋጡ።"

"የታተመ ነገር?"

"የሻዩ ባለቤት እኔ አይደለሁም እንዴ? ውሸት ነው እያልኩዎት!"

"ስሚኝ ልጄ። ሐኪሙን አላውቀውም። አንቺን ግን አውቅሻለሁ፤ ዋሽተሽኝ አታውቂም። ውሸት ቢሆንማ ሱቅ ለሱቅ ይሸጥ ነበር?"

ዙሌካን ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ይህ ነው። ሰውየው ኪኒናቸውን የጣሉት ተራራውን አምነው አይደለም፤ እሷን አምነው ነው።

"ደሞ ኪኒኑ ከምግብ ጋር ነው" አሉ። "እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም።"

"እናስ? እኔም ጸሐይ እስክትጠልቅ ውሃ አልቀምስም። እናቴ የግፊት ኪኒኗን ሐኪሟ በነገራት መሠረት ካፈጠረች በኋላ ነው የምትውጠው። እትዬ፣ ጤና ጣቢያው ምን አለ?"

"በቀን አንዴ፣ እህል ሲቀምስ አሉ። ስንቴ ነገርኩት!"

ዙሌካ ወደ ሻይ ቤቷ ወረደች። ማዳበሪያ ይዛ ወጣች። ከጀሞ ሱቆች ያልተሸጠውን ሰብስባ ወረቀቷን በየበሩ ለጠፈች። ከዚያ በሚኒባስ ለቡ ሄደች። ጸሐዩ አናቷን ይበሳል፤ ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣብቋል። የለቡው ባለሱቅ እሽጎቹን ላለመስጠት አንገራገረ።

"እህቴ፣ ይሄ እኮ እንደ ትኩስ ዳቦ ነው የሚሄደው። ወረቀቱን ካነሳሽው ማን ይፈልገዋል?"

"ሰው ሻዩን ትቶ ወረቀቱን ነው የሚጠጣው?"

"እንደሱ ነው" አለ እየሳቀ።

"እንግዲያው ወረቀት ሽጥ!" ብላ እሽጎቹን ከመደርደሪያው ጠራርጋ ማዳበሪያው ውስጥ ከተተች። ቀድመው ለገዙት ደግሞ ወረቀቷን በሩ ላይ ለጠፈች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ አፀደ ሽሮውን ሲያቀርቡ ዙሌካ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ማዳበሪያውን ምንጣፉ ላይ ገለበጠችው። እሽጎቹ እየተንሸራተቱ ጋሽ አባይነህ እግር ሥር ደረሱ። ቤቱን የብርቱካን ሽታ ሞላው።

"ይኸው! ሱቅ ውስጥ የለም። አሁንስ?"

ጋሽ አባይነህ እሽጎቹን አዩ፤ እሷን አዩ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሁለት ጉርሻ ጎረሱና እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ አፀደ ኪኒኑን መዳፋቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

"እሺ፣ ተሸነፍኩ" አሉ ፔርሙዙን በዓይናቸው እየፈለጉ። "በሻይሽ ላወራርደው?"

"በውሃ!" አለች ዙሌካ።