የጎን ሰው በበሩ ላይ

ወሬው የደረሰኝ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው። የወንድሜ ልጅ ትዕግሥት ደወለች። ከጓደኞቿ ጋር መኪና ተከራይተው ለሽርሽር ወጥተዋል፤ ከዳገቱ ሥር መኪናቸውን አቁመው በእግራቸው ጫፍ ድረስ ወጥተዋል። «አክስቴ፣ በሩ ላይ ነን» አለችኝ። ነፋሱ ከድምጿ ይበልጥ ይሰማል።

በሩ የምንለው ከካማሺ ቆላ የሚነሳው መንገድ ወደ ወለጋ ደጋ ሲወጣ በሁለት ተራሮች መሐል ሾልኮ የሚያልፍበትን ከፍታ ነው። ሌላ ስም ይኑረው አይኑረው አላውቅም። በቅርብ ዓመታት በዚያ መንገድ ማለፍ የሚያስፈራ ነገር ሆኖ ስለነበር፣ ሰው ደስ ብሎት እዚያ ወጣ ሲባል መስማቴ ራሱ ስለቴ የደረሰ ያህል ነበር። ግን ከአፌ የወጣው ተመስገን አልነበረም። «ከጎንሽ የተቀመጠው ሰው አለ?» አልኳት።

ትዕግሥት ሳቀች። «እኔ ስለ አገሩ ውበት እነግርሻለሁ፣ አንቺ ስለ ወንበር ትጠይቂኛለሽ» አለችኝና ፎቶ ላከችልኝ። ሁሉም ተደርድረው አንድ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶታል። ድንጋዩን አወቅሁት። ደጃፌ ላይ ቆሜ የነበርኩት እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጅ እያለሁ አባቴ ካማሺ የጤና ሠራተኛ ነበር። እኔ ግን አሶሳ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ነበር የምማረው። ክረምቱን ከወላጆቼ ጋር ከርሜ፣ መስከረም ሲጠባ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ወደ አሶሳ እመለሳለሁ። የዚያ መኪና ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም፤ ናፍጣ፣ እርጥብ ጆንያ፣ የበሰለ ማንጎ፣ የዶሮ ላባ። ሾፌሩ ጋሽ ተፈራ ፂማቸው የሸበተ፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚበርድ ሰው ነበሩ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ መኪናውን ያቆሙና ወደ ኋላ ዞር ብለው፣ እሷም ነፍስ ናት እስቲ እዘኑላት ይላሉ። ይህን ጊዜ እግር ያለው ሁሉ ይወርዳል። መኪናዋ ሸክሟ ቀሎላት በጥምዝምዙ እያቃሰተች ስትወጣ፣ ተሳፋሪው ደግሞ በቀርቀሃው መሐል ባለው አቋራጭ ይወጣል። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ ብቻ ከወንበሩ አይነሳም።

ጫፍ ላይ አንድ ልማድ ነበር። ጋሽ ተፈራ እግረኛውን ሁሉ መኪናዋ ፊት ያቆሙና «የጎን ሰው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም በጉዞው ከጎኑ የተቀመጠውን ይፈልግና፣ ካየው «አለ» ይላል። አይቆጥሩም ነበር። ሰውን እንደ ከብት መቁጠር ደስ አይልም፣ ደግሞም ቆጣሪ ይሳሳታል፣ ትከሻው ትከሻህን ሲገፋ የዋለውን ሰው ግን አትስተውም ይሉ ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በርታውም ጉሙዙም ኦሮሞውም እዚያ ቦታ ላይ አንዱ ለሌላው ተጠሪ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ «አለ» ብዬ ስመልስ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ መስከረም ላይ አባቴ በአደራ የሰጠኝ ለጎረቤታችን ለኦቦ ፈይሳ ነበር። ኦቦ ፈይሳ ማር ነጋዴ ናቸው፤ ከነጊምቢ በኩል የመጡ፣ ጴንጤ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው። ቀኑ ረቡዕ ስለነበር መንገድ ላይ የገዙትን የተቀቀለ እንቁላል ሲሰጡኝ አልበላም አልኩ። ወደ ተሳፋሪው ዞረው ይቺ ልጅ ዳገቱንም መንግሥተ ሰማያትንም ልትቀድመኝ ነው ቢሉ መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ባዶ ሆዴን ነበርኩና ወዲያው ያቅለሸልሸኝ ጀመር።

መንገድ ላይ ካለ አንድ ምንጭ ዘንድ ቆመን ሙስሊሞቹ ውዱእ አድርገው ሰግደው ሲመለሱ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት በእጇ ጠራችኝ። ሐዋ ትባላለች። ከአሶሳ ወዲያ ያለችው የመንጌ ሰው ናት፤ ካማሺ ያለች ልጇ ሴት ወልዳ ልትጠይቃት መጥታ ወደ አገሯ መመለሷ ነው። እንደ ሱዳን ሴቶች የሚጠቀለለውን ረጅም ቶብ ለብሳለች፤ ሰንደል ሰንደል ትሸታለች። አማርኛ የተማረችው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱም ወንዱም ለእሷ «አንተ» ነው። «አንተ ልጅ፣ መስኮት ውሰድ። ንፋስ ይምታህ፣ ሆድህ ይረፍ» አለችኝና የራሷን ቦታ ለቀቀችልኝ። ኦቦ ፈይሳም ሂጂ ልጄ አሉኝ። በእኔ ቦታ አንድ ወጣት አስተማሪ ተቀመጠ። ማንም ልብ አላለውም እንጂ ስህተቱ የተሠራው ያኔ ነው።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ሐዋ ጉልበቷን ስለሚያማት ከመኪናው አልወረደችም። እኔ ወረድኩ። መጀመሪያ ከሰዉ ጋር ነበርኩ። የእርጥብ ሣር ሽታ፣ በቀርቀሃው ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ከፊት የሚሄዱት ሴቶች ጨዋታ፣ ሁሉም ደስ ይላል። መሐል ላይ የኮንጎ ጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰ። ቁጭ ብዬ በሣር ገመድ ላስረው ስታገል ድምፃቸው እየራቀ ሄደ። ቀና ስል ጉሙ ወርዷል። የእግሬን ጣት አያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ትንሽ ወጣሁና መንገዱ ለሁለት ሲከፈል የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። አንደኛው ወደ ገደሉ አፋፍ እንደሚወስድ አባቴ ነግሮኝ ነበር፤ ግራው ይሁን ቀኙ ግን ረስቼዋለሁ። እዚያው ቆሜ አባታችን ሆይ ማለት ጀመርኩ። የዕለት እንጀራችን ላይ ስደርስ እንባ ያቋርጠኛል፣ እንደገና ከመጀመሪያው እነሳለሁ።

ከላይ የሆነውን የሰማሁት ኋላ፣ መኪናው ውስጥ ሁሉም እየተቀባበሉ ሲያወሩት ነው። ጋሽ ተፈራ እንደ ልማዳቸው «የጎን ሰው?» ብለዋል። ኦቦ ፈይሳ አስተማሪውን አይተው «አለ» ብለዋል። እኔ ከአሮጊቷ ጋር መኪናው ውስጥ የቀረሁ መስሏቸዋል፤ የታመመ ልጅ ዳገት ይወጣል ብለው አላሰቡም። የእኔ የጎን ሰው ደግሞ ሐዋ ናት፤ ከወንበሩ ያልተነሳ ሰው አይጠየቅም። እንዲህ ሆኖ በዚያ ሁሉ «አለ» መሐል እኔ ሳልጠራ ቀረሁ። ሞተሩ ተነስቶ መኪናው ሲንቀሳቀስ ነው ሐዋ የመኪናውን በር ብረት በመዳፏ መምታት የጀመረችው። «ልጅ አልመጣም። የእኔ ጎን ባዶ ነው» አለች።

ኦቦ ፈይሳ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ጫማቸውን ሳያስተካክሉ ወደ ቁልቁለቱ ሮጡ። እሳቸውም ግን ከአንድ መታጠፊያ በላይ ማየት አልቻሉም። ጋሽ ተፈራ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጉሙ እየጠነከረ ነው፣ ፍሬኑም አስተማማኝ አይደለም፣ ስለዚህ መኪናዋን ቁልቁል ወዳለው መንደር ላድርስና ሰው ይዤ ልመለስ አሉ። ግማሹ ተሳፋሪም እውነታቸውን ነው አለ። ያን ጊዜ ሐዋ እያነከሰች ወረደች፣ ከመኪናዋ ጎማ ፊት ባለው ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ቶቧን በጉልበቷ ላይ ሰበሰበች።

«መኪና ከሄደ ልጅ በምን ይመጣል? ጥሩምባ ንፋ። አንድ ቦታ ሆነህ ንፋ» አለቻቸው።

ጋሽ ተፈራ፣ እናቴ ይመሻል እኮ፣ ተነሺልኝ ብለው ቢለምኗት አንድ ነገር ብቻ መለሰች፤ «እኔ አይነሳም።»

እኔ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ የዕለት እንጀራችን ላይ ደርሼ ነበር። ጉሙን አልፎ የመኪናዋ የተሰነጠቀ ጥሩምባ ተሰማ። ዝም አለ። ቆየና ከዚያው ቦታ እንደገና ጮኸ። በቀኝ በኩል ነው። አንድ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ሲጮኽ እየሄድኩ ዝም ሲል እየቆምኩ ወጣሁ። መንገድ ላይ ኦቦ ፈይሳ አገኙኝ፤ አንስተው ተሸከሙኝ፤ አንገታቸው ማር ማር ይሸታል፣ ልባቸው ሲመታ ይሰማኛል።

ሐዋ አሁንም ድንጋዩ ላይ ነበረች። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። «መጣህ?» አለችኝና የቶቧን ጫፍ ዘርግታ ከራሷ ጋር ጠቀለለችኝ። ከዚያ ወደ ጋሽ ተፈራ ዞር ብላ፣ ልክ እንደ ልማዳቸው፣ «አለ» አለቻቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሴቶቹ እያለቀሱ ነው የሳቁት። ቁልቁለቱን ስንወርድ የተቃጠለ ፍሬን ይሸት ነበር፤ እሷ በመቁጠሪያዋ አልሐምዱሊላህ ትላለች፣ እኔ በጨርቋ ውስጥ ሆኜ አማትባለሁ፣ ኦቦ ፈይሳ ከፊት በኦሮምኛ ቀስ ብለው ይዘምራሉ። ሦስታችንም ምስጋናውን ወደ ላይ ስንልክ የተጋፋን አልመሰለኝም።

አሶሳ የገባነው ሰዓት እላፊ ሊሆን ሲል ነው። አክስቴ መናኸሪያ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። በዚያ ግርግር እኔን ስታቅፍ፣ ኦቦ ፈይሳ የሆነውን ሊነግሯት ሲጀምሩ፣ ሐዋ ዘንቢሏን አንስታ ሄዳለች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። አክስቴ በመንጌ ገበያተኞች አስጠይቃ ነበር፤ ሐዋ የሚባል ብዙ ነው፣ የማን ሐዋ ብለው መለሱላት። ያን ማንም አያውቅም።

ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል ትለኛለች ትዕግሥት። መኪና ማንንም ሳያወርድ ሽው ብሎ ያልፋል። እኛ እያቃሰትን የወጣነውን አቋራጭ እነሱ ለደስታ ይወጡታል፤ እኔን ያስለቀሰኝን ጉም ለፎቶ ብለው ይጠብቁታል። እሰየው፣ ደስ ይበላቸው። መንገድ የሚሠራው ልጅ እንዳያለቅስ አይደል። ግን በሩ ላይ ቆሞ «የጎን ሰው?» የሚል እንደሌለ ስሰማ ሆዴ ባባ። እኔ እዚህ ስኖር ከጎኔ የሚቀመጠውን ሰው ስም የማላውቅበት ቀን ብዙ ነው። ያን ቀን ግን ስሜን እንኳ ያልጠየቀችኝ ሴት ጎኗ ባዶ መሆኑን አወቀች።

ያን ቀን በዚያ ቅጥቅጥ የነበራችሁ፣ ያ አስተማሪ፣ እነዚያ በሳቅ መሐል ያለቀሳችሁ እናቶች፣ ወይም ልጆቻችሁ፤ ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ጉልበቷን የሚያማት፣ ካማሺ ልጇ ወልዳላት የነበረች የመንጌዋ ሐዋ የማን ሐዋ እንደሆነች ንገሩኝ። ካለች ሄጄ ጉልበቷን ልሳም። ከሌለችም ካማሺ ያቺ የተወለደችው ልጅ ዛሬ ትልቅ ሴት ናትና፣ አያቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ያደረገችውን ከእኔ አፍ ትስማ። በየቅዳሴው ሐዋ እያልኩ አስባታለሁ፤ እግዚአብሔር የቷ እንደሆነች ያውቃል፣ እኔ ግን አላውቅም። ከጎኗ የተቀመጥኩት እኔ ነኝና፣ የማን መሆኗን አውቄ «አለች» እስክል ድረስ እኔም አልነሳም።